አሁን ጥርሶችሽ ተነካክተዋል?

የእህቴ ልጅ ክርስትና ዕለት ነው። ምሳ ቀርቦ መሶቡን ከበን ተቀምጠናል። አክስቴ እንደ ልማዷ ከዶሮ ወጡም ከአይቡም አድርጋ፣ እጇ የቻለውን ያህል ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። «በሞቴ» አለች። አፌን ከፈትኩ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግራ መንጋጋዬ ቀጥ አለ። መክፈትም መዝጋትም አቃተኝ። ጉርሻው ከንፈሬ ጫፍ ላይ፣ የአክስቴ እጅ አየር ላይ፣ የቤተ ዘመዱ ዓይን ደግሞ እኔ ላይ።

አክስቴ መጀመሪያ የተግደረደርኩ መስሏት ነበር። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይቺን ዋጪና ሁለተኛዋን እደግምልሻለሁ» አለች እየሳቀች። እኔ ግን መልስ መስጠትም አልቻልኩም። ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ተነሣሁና ጓዳ ገባሁ። እዚያ ቆሜ አገጬን ቀስ እያልኩ ወዲህና ወዲያ ሳንቀሳቅሰው «ቋ» አለና ተላቀቀ። ሕመሙ ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ አናቴ ድረስ ወጣ።

መንጋጋዬን ያመመኝ ግን ያን ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ወራት አልፈዋል። ጠዋት ስነሣ ጉንጬ ዝሎ፣ ግራ ጆሮዬ ተደፍኖ ነው የማገኘው። ከሰዓት በኋላ የራስ ምታቱ ይመጣል። ሳዛጋ ቀጭ ይላል። ሰው ሲያናግረኝ ፊቴን በእጄ ይዤ እንደማዳምጥ የነገሩኝ የቢሮ ጓደኞቼ ናቸው። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

«ራጁ ምንም አያሳይም»

ቤተሰብ ሲያይሽ ዝም አይልም። አንዷ «ብርድ መትቶሽ ነው» አለች። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አስጨምቃ ላከችልኝ። ጎረቤታችን ቅርንፉድ ጥርሴ ላይ እንድይዝ መከረችኝ። ወጌሻ ጋ እንሂድ ያለኝም አለ። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ የዳማከሴው ሽታ እስካሁን ደስ ይለኛል። ሕመሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሙሉውን የአፍ ራጅ ተነሣሁ። የተበላ ጥርስ የለም፤ መግል የለም፤ ድዴም ደህና ነው። ማስታገሻ ተጽፎልኝ ወጣሁ። ማስታገሻው ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ያየኝ ሐኪም የታችኛውን የግራ መንጋጋ ጥርሴን በመሣሪያ ነካ ነካ አደረገና «ያመመሽ እዚህ ከሆነ ይነቀልና እናየዋለን» አለኝ። ራጁ ላይ ምንም ያልታየበት ጥርስ ነው። ቀጠሮ ተሰጠኝ። የምሠራው ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነውና ሰኔ ላይ ሒሳብ ሲዘጋ መተንፈሻ የለንም። ቀጠሮውን ወደ ሐምሌ አሻገርኩት። ጥርሴ ዛሬ አፌ ውስጥ ያለው በዚያ ምክንያት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል። ሥራ ባይበዛብኝ ኖሮ ጤነኛ ጥርሴን አስነቅዬ፣ ሕመሙን ይዤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ጆሮዬ እየተደፈነ ስላስቸገረኝ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጆሮዬን አዩና ንጹሕ ነው አሉ። ከዚያ ሁለቱን አመልካች ጣቶቻቸውን ከጆሮዎቼ ፊት አስቀምጠው «ክፈቺ፣ ዝጊ» አሉኝ። ከፈትኩ። ዘጋሁ። ቀጭ አለ። «ጆሮሽ አይደለም ልጄ። ጆሮሽ አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ፊዚዮቴራፒ ልላክሽ» አሉ።

ፊዚዮቴራፒ ሲባል እኔ የማውቀው ስትሮክ የመታውን ሰው፣ እግሩን የተሰበረን፣ ወገቡን ያመመውን ነው። አገጭ ምን ይደረጋል? እዚያ ሄጄ ምን ሊሠሩልኝ ነው? ወረቀቱን ይዤ ሳመነታ ቆየሁ። የክርስትናው ጉርሻ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ጓዳ ውስጥ ቆሜ ከመንጋጋዬ ጋር ከታገልኩ በኋላ ግን ማመንታቱ አበቃ። በማግስቱ ደወልኩ።

ጓንት ያደረገው ጣት

የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደተማረች ከጊዜ በኋላ ነገረችኝ። መጀመሪያ ያነሣችው መሣሪያ ማስመሪያ ነው። አፌን የቻልኩትን ያህል እንድከፍት አዘዘችኝና ከላይኛው የፊት ጥርስ እስከ ታችኛው ለካች። 28 ሚሊ ሜትር። የአዋቂ ሰው አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ይከፈታል። ማስመሪያ የሌለው ሰው የራሱን ሦስት ጣቶች ደርድሮ በቁመት ማስገባት ይችላል ወይ ብሎ ይፈትሻል። የእኔ አፍ ሁለቱን በግድ ነው ያስገባው። መስታወት ሰጠችኝና እንደገና ክፈቺ አለችኝ። አገጬ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ወደ ግራ ያዘነብላል። በየቀኑ መስታወት አያለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ከዚያ አወቃቀሩን አስረዳችኝ። የታችኛው መንጋጋ የተንጠለጠለው በሁለት መገጣጠሚያዎች ነው፤ ከጆሮ ፊት፣ ግራና ቀኝ። ሁለቱ አንድ አጥንት ስለሚጋሩ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላው መከተሉ አይቀርም። አፍ ሲከፈት መጀመሪያ የአጥንቱ ራስ ባለበት ይሽከረከራል። ከዚያ ወደፊት ይንሸራተታል። በመንጋጋው አጥንትና በራስ ቅሉ መካከል ዲስክ የሚባል ቀጭን ንጣፍ አለ። እሱ ከቦታው ወደፊት ሲያፈነግጥ፣ አፍ ስንከፍት አጥንቱ ተመልሶ ይገባበታል፤ ያኔ ነው ቀጭ የሚለው። አልገባበት ካለ ደግሞ መንጋጋው ይቆለፋል። ጓዳ ውስጥ ያደረግኩት ወዲህና ወዲያ ማለት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«አሁን አፍሽ ውስጥ እገባለሁ፤ ካመመሽ እጅሽን አንሺ» አለችና ጓንት አደረገች። አውራ ጣቷን ጉንጬ ውስጥ፣ አመልካቿን ከውጭ አደረገች። በመካከላቸው የማኘኪያው ጡንቻ አለ። ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ እስከ መንጋጋው ማዕዘን የሚወርድ ወፍራም ጡንቻ ነው። ቀስ እያለች ከላይ ወደ ታች ቆነጠጠችው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመችና ጫን አለች። እጄን አነሣሁ።

«የት ነው የተሰማሽ?»

ጥርሴን አሳየኋት። የታችኛው፣ የግራው። ሊነቀል የነበረው።

እሷ ጥርሴን አልነካችውም። ጣቷ ከጥርሴ ርቆ ጉንጬ ላይ ነው። ሕመሙ ግን ቁልጭ ብሎ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብላ፣ ወደ መገጣጠሚያው ጠጋ ስትል ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። ይህ ጡንቻ ሲጨነቅ ሕመሙን ወደ ሌላ ቦታ ይልካል አለችኝ። ወደ ጥርስ፣ ወደ ጆሮ፣ ወደ ቅንድብ። ስንት ወር ሙሉ በሽታዬን ስፈልግ የኖርኩት እሱ የላከው ቦታ ላይ ነበር።

እጇን ታጥባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። እኔ ዝም ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«አሁን ጥርሶችሽ ተነካክተዋል?»

ተነካክተዋል። መነካካት ብቻም አይደለም፤ ተጣብቀዋል። ማንም ሳይናገረኝ፣ ምንም ሳልበላ፣ ሰላማዊ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ የታችኛውን ጥርሴን ከላይኛው ጋር ግጥም አድርጌ ይዣለሁ። አላቀቅኩት። ጉንጬ ሲወርድ ተሰማኝ። ከእሱ ጋር ትከሻዬም ወረደ።

«ጥርስ ለጥርስ መነካካት ያለበት ስናኝክና ስንውጥ ብቻ ነው» አለች። «የቀኑ ቢደመር እንኳ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ይገጥማል፣ ጥርስ ይራራቃል።» ከዚያ ቀኝ እጄን ጨብጬ እንድይዘው ነገረችኝና ሌላ ጥያቄ ትጠይቀኝ ጀመር። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ማስቲካ ታኝኪያለሽ? ስልክ በትከሻሽ ይዘሽ ታወሪያለሽ? ጫት? በየትኛው ጎን ነው የምታኝኪው? ስመልስላት ጡጫዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው። መንጋጋሽ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ነው የሚውለው» አለችኝ።

ማን አስተማረኝ?

ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን መከታተል ጀመርኩ። ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሳመሳክር ጥርሴ ገጥሟል። ታክሲ ውስጥ ተጣብቤ ስቀመጥ ገጥሟል። የእናቴን ስልክ ሳነሣ፣ ገና «ሃሎ» ሳልል፣ ገጥሟል። ያ ዓመት እናቴ የኩላሊት ሕመም የጀመራት ዓመት ነው። ሐኪም ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ ውጤት የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ለወንድሞቼ አለሳልሼ የምናገረውም እኔ ነኝ። አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «አንቺ ጠንካራ ነሽ» ይለኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት እላለሁ እኔም።

እውነቱን ለመናገር «ጭንቀት ነው» የሚል መልስ ያስቀይመኝ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ሰው ብሎኛል። ስሰማው «ምንም የለብሽም፣ ከራስሽ ነው» የተባልኩ ያህል ይሰማኛል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ «ቤት እንዴት ነው?» ስትለኝ መጀመሪያ ደህና ነው ብዬ ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቼ ግን የእናቴን ነገር አወጣሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። እሷም «ጭንቀት ነው» አላለችኝም። «ጡንቻሽ በእውነት ተጎድቷል፤ በጣቴ አግኝቼዋለሁ። ሸክሙም እውነት ነው። ሁለቱንም ነው የምናክመው» አለችኝ። ይህ አነጋገር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሕመሜን ወደ አእምሮዬ አላሸሸችውም። አእምሮዬንም ከሕመሜ አልነጠለችውም።

እስካሁን የማስበው ግን ሌላ ነው። እንዴት እንደምቀመጥ ተነግሮኛል፤ እንዴት እንደምራመድ፣ እጄን የት እንደማደርግ። «አፍሽን ግጠሚ» ተብያለሁ፣ በተለይ ሴት ልጅ ስለሆንኩ። አፍ ተገጥሞ ውስጡ ግን ሊያርፍ እንደሚችል የነገረኝ የለም። እኛ ቤት መቻል የሚለካው ፊት ላይ በማይታየው ነገር ነው። አባቴ ሲናደድ ድምፁ አይሰማም፤ ጉንጩ ላይ ያለው ጡንቻ ብቻ እብጥ ጠፍ ይላል። ልጅ ሆነን ያንን አይተን ነበር ቶሎ የምንሸሸው። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ጉንጭ ሳየው፣ ያው ጡንቻ ነው።

«ነ» በይና እዚያው ተዪው

የተሰጠኝን የቤት ሥራ ሳየው በጣም ትንሽ መሰለኝ። የመጀመሪያው ይህ ነው፤ «ነ» ለማለት ስትነሺ ምላስሽ ላንቃሽን የሚነካበት ቦታ አለ፣ ከላይኛው የፊት ጥርስ በስተኋላ። ምላስሽን እዚያው ተዪው። ከንፈርሽን ግጠሚ። ጥርስሽን አራርቂ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ምላስን ከላንቃ ሳያላቅቁ አፍን መክፈትና መዝጋት። ምላሱ ላንቃ ላይ እስካለ ድረስ አፍ ብዙ አይከፈትም፤ መገጣጠሚያው ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይንሸራተትም። ያ ነው የተፈለገውም። ይህን መስታወት ፊት፣ አገጬ ወደ ግራ እንዳያዘነብል እያየሁ እሠራለሁ። ሦስተኛው፣ ጣትን አገጭ ላይ አድርጎ በትንሹ መግፋትና መንጋጋው ሳይነቃነቅ መመከት ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች። በጉልበት አይደለም፤ «በላባ ክብደት» ነው ያለችኝ። የአንገት ሥራም ነበረው። አገጭን ወደኋላ ሰብሰብ አድርጎ አንገትን ማስረዘም፣ ትከሻን ወደኋላ ወደ ታች ማውረድ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አንገቴን አስግጌ ስውል ከአገጬ በታች ያሉት ጡንቻዎች ይወጠራሉ፤ መንጋጋዬን ወደኋላ ይጎትቱታል። መንጋጋና አንገት ተለያይተው አይታከሙም።

እንዲህ ያሉትን እንቅስቃሴዎች በሥርዓት ያደራጀው ማሪያኖ ሮካባዶ የሚባል የቺሊ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስድስት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ዙር። ዋናው ነገር ጉልበት አይደለም፤ ድግግሞሽ ነው። በቀን አንዴ ተነሥተሽ አንድ ሰዓት ብትሠሪ ጡንቻው አይማርም። ደጋግመሽ ግን ለአጭር ጊዜ ብታስታውሺው ይማራል። እኔ የኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ምንም አልጻፍኩበትም። ዓይኔ ባየው ቁጥር ጥርሴን አራርቃለሁ።

ምግቡም ተቀየረ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ቀሩ። ማስቲካ ጭራሽ ቀረ። ሽሮ፣ ክክ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ የበሰለ ድንች በላሁ፤ እንጀራውንም በትንሽ በትንሹ ቆርሼ፣ በሁለቱም ጎን እያኘክሁ። ስታዛጊ አገጭሽን በጡጫሽ ደግፊ ተብያለሁ። ማታ ማታ ሙቅ ውኃ የነከርኩት ፎጣ ጉንጬ ላይ ይውላል። በሆድ መተኛት ክልክል ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ጋ ከእኔ ጋር ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ ሾፌር ነው። ጫት በአንድ ጉንጩ ይዞ ለሰዓታት እንደሚያኝክ፣ ያመመውም ያው ጎን እንደሆነ ነገረኝ። መንጋጋ እንዲያ ለረጅም ሰዓት በአንድ ወገን እንዲሠራ የተሰናዳ አይደለም።

ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ የጠዋቱ የጉንጭ መዛል ቀነሰ። ከዚያ የጆሮ መደፈኑ። የራስ ምታቱ የሚመጣበት ቀን እየራቀ ሄደ። በመሐል የባሰብኝም ሳምንት ነበር፤ እናቴ ሆስፒታል የተኛችበት ሳምንት ነው። ተስፋ ቆርጬ ስሄድ ባለሙያዋ ለክታኝ ማስመሪያውን አሳየችኝ፤ አፌ በሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይከፈት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለልጅ ነው ስንናገር የኖርነው። ለአዋቂ አገጭም ይሆናል። በመጨረሻው ልኬት ማስመሪያው 41 አሳየ።

«እጅ ብቻ?»

ታላቅ እህቴ የሕክምናውን ዓይነት ስነግራት «መድኃኒት የለውም? መሣሪያ የለውም? እጅ ብቻ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የእኔም ነበር። ስለዚህ አነበብኩ።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ታሪክ በአብዛኛው ጥርስን ሲያሳድዱ የኖሩበት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ የአንገት በላይ ሐኪም፣ የጆሮና የመንጋጋ ሕመም አብረው የሚመጡባቸውን ሰዎች ገለጸ። ምክንያቱም የወለቀ ጥርስና የተዛባ አገጣጠም ነው አለ። ሰውየው ጆሮና መንጋጋን ማገናኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከእሱ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች የሰውን ጥርስ ሲሞርዱና አገጣጠሙን ሲያስተካክሉ ኖሩ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከዚህም አልፎ፣ ዲስኩን አውጥቶ በምትኩ ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ ንጣፍ ማስገባት ተጀመረ። ንጣፉ እየተሰባበረ አጥንት አስበላ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እስኪያስወጣው ድረስ ብዙ ሰው ተጎዳ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ይህን ሳነብ የራሴን ቀጠሮ አስታወስኩና ቀዘቀዝኩ። በዚህ ሕመም ከወንድ ይልቅ ሴት ትበዛለች። የሴት ሕመም ደግሞ ወይ «ጭንቀት ነው» ይባላል፣ ወይ ይቆረጣል።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። በ2023 መጨረሻ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም የወጣው መመሪያ አጥብቆ የሚመክራቸው፣ በባለሙያ እጅ መገጣጠሚያውን ማንቀሳቀስ፣ የተቋጠረውን ጡንቻ በእጅ ማላላት፣ በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋና የአቋም እንቅስቃሴ፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያክም የሥነ ልቦና ሕክምና፣ እንዲሁም ለታማሚው በሚገባ ማስረዳት ናቸው። ዲስክ ማውጣትንና የማይመለስ ለውጥ የሚያመጡ የጥርስ መሣሪያዎችን አጥብቆ ይቃወማል። ማታ የሚደረገውን የፕላስቲክ መከላከያ እንኳ ለሕመሙ ብዙ አላደነቀውም። ጥርሱን በእንቅልፍ የሚያፋጭ ሰው ጥርሱ እንዳይሞረድ ሊጠቅመው ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእህቴ «አዎ፣ እጅ ነው» ብዬ ነገርኳት፤ የሚያውቅ እጅ።

የመንጋጋ ሕመም ሁሉ ግን የጡንቻ አይደለም። እብጠትና ትኩሳት ካለ፣ ፊት ከደነዘዘ፣ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ አዲስ ሕመምና የራስ ምታት ከጀመረው፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ሽቅብ ሲወጡ ወይም ሲጣደፉ የሚመጣ፣ ከደረት ጋር አብሮ የሚጨመድድ የመንጋጋ ሕመም ደግሞ ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ፎጣም ምላስም መፍትሔ አይደለም። የበሰበሰ ጥርስም አለ፤ ሲበሰብስ ይታከማል፣ ካልዳነ ይነቀላል። የጥርስ ሐኪምን የምወቅስበት ነገር የለኝም። የምለው አንድ ነው። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልጠፋ፣ መንቀያው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ጉንጩን በጣቱ ይዳስሰው። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ የጥርስ ክፍሉና የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ በአንድ ግቢ ነው ያሉት። ከአንዱ ወደ ሌላው ወረቀት ሲላክ ግን እኔ አላየሁም።

ከሰኔ በፊት

ቀጭ ማለቱ አልጠፋም። ሳዛጋ አሁንም ይሰማኛል። ሕመም የሌለበት፣ አፍ መክፈት የማይከለክል ድምፅ ብቻውን ሕክምና እንደማይፈልግ ተነግሮኛል። ድምፁን ለማጥፋት መታገል ትቻለሁ። ቆሎ በልቻለሁ፤ በልክ። አክስቴም ለፋሲካ አጉርሳኛለች፤ አሁን ጉርሻዋን ለእኔ ብቻ አሳንሳ ትጠቀልላለች፤ ማንም እንዲያ አድርጊ ሳይላት።

የከበደኝ ማታው ነው። ቀን ላይ ቢጫው ወረቀት አለ፤ እንቅልፍ ውስጥ ግን የሚያስታውሰኝ የለም። እናቴ ዲያሊሲስ ጀምራለች። ከዲያሊሲሷ በፊት ባለው ሌሊት ጥርሴን እንደምነክስ ጠዋት ጉንጬ ይነግረኛል። ስለዚህ እነዚያን ምሽቶች ለይቼ አወቅኋቸው። ፎጣውን ቀደም ብዬ አዘጋጃለሁ። ወንድሜን ደውዬ «ነገ አንተ ውሰዳት» ማለትም ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስጠይቀው ዝም አለና «ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም?» አለኝ።

ሰኔ እየመጣ ነው። ባለሙያዋ እስኪያመኝ እንዳልጠብቅ፣ ግንቦት ላይ አንድ ሁለቴ እንድታየኝ ስላለች ቀጠሮ ይዣለሁ። ከእኔ ጋር የምትመጣም አለች። እዚያው እኛ ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት፤ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ሰው ስታዳምጥ አየኋት። ጥርሷን ለማስነቀል ቀጠሮ ነበራት። ራጁን ጠየቅኋት፤ ንጹሕ ነው ተብላለች። የጥርስ ሐኪሟን አነጋግራ ቀጠሮውን በሁለት ሳምንት አራዘመች። ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ አብረን እንሄዳለን።